ስልጆ እጅ ይመርጣል

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት የሰናፍጭ ሽታ አፍንጫዬን ሰርስሮ ግንባሬ ውስጥ ገባ። ስልጆ ነበር። እናቷ እንደላከችላት ነግራኝ ቅመሺ አለችኝ። እንደማልወድ ነገርኳት። ውሸቴን ነው፤ በስልጆ ሟች ነኝ። ግን ያ ሽታ በመጣ ቁጥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሰበታ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው የቆርቆሮ አጥር ሥር ቆሜ የሰው እጅ ሳይ ራሴን አገኘዋለሁ። እጁ የሌንሳ ነው። ያን ዓመት በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያች ልጅ እጅ የምጠላው ነገር አልነበረም።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ያወጣው መልአክ የዚያን ዕለት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ።

ሰበታ የገባነው አባቴ ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ሦስት ክፍልና አንዲት ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ነው። እሱ ጠዋት በታክሲ ከተማ ወርዶ ማታ ይመለሳል፤ እናቴ ሐረገወይን ቤት ትውላለች። እናቴ ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። በቆርቆሮ ጣሳ ከተተከለ ጤና አዳም በስተቀር የሚበቅል ነገር በቅርብ አይታ አታውቅም። ለሷ ጎመን የሚበቅለው አትክልት ተራ ነበር።

ከጀርባችን አዴ ዲንቄ ትኖር ነበር፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። እሷና ባሏ ገበሬዎች ናቸው፤ የኛ ቤት ያረፈበትን ጨምሮ ሰፈሩ በሙሉ ድሮ የነሱ እርሻ ነበር። አንድ ቀን ስለ ዝናብ እያወራች መሀል ላይ ወጥ ቤታችን የቆመበት ቦታ የባቄላ ማሳ እንደነበር ለእናቴ ነገረቻት፤ ቂም የያዘ አነጋገር አልነበረም። የቀራቸው ከቤታቸው ኋላ ተነስቶ እስከ ወንዙ የሚወርድ ጓሮ ነው። ግን ምን ያለ ጓሮ! ጎመኑ ጉልበቴን ያልፋል። ቆስጣው፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በየመደቡ ተሰልፎ ቆሟል፤ በአጥሩ ጥግ በሶብላና ጤና አዳም። አዴ ዲንቄ ጎመኑን ራፉ ነበር የምትለው፤ እኔም እስከ ዛሬ ጥሩ ጎመን ሳይ በአፌ የሚመጣልኝ ራፉ ነው።

በሁለታችን መካከል ያለው አጥር አንድ ቆርቆሮ ጎድሎት ነበር። ነፋስ ይውሰደው ሰው አላውቅም። እናቴ ከዚህ ወገን የቢራ ሳጥን ላይ፣ አዴ ዲንቄ ከዚያ ወገን ድንጋይ ላይ ይቀመጡና ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ያወራሉ። እጃቸው ሥራ አይፈታም፤ አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ አንዷ ሽንኩርት ትልጣለች። መጀመሪያ ላይ እርስዎ ይባባሉ ነበር፤ ሁለተኛው ወር ሳይገባ አንቺ ሆኑ። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ ሐረግ?» የሚለው ድምፅ በክፍተቱ ሲገባ እናቴ ቁርሷን ትታ ትወጣለች።

ወሬያቸው ከምግብ አይወጣም። እናቴ ጎመኑን ቀቅላ አረንጓዴ ውሃውን ትደፋለች፤ አዴ ዲንቄ ይሄን ስትሰማ ደረቷን ያዘች። ጣዕሙን ደፍታ ገለባውን እንደምትበላ ነው የነገረቻት። እሷ በራሱ ውሃ ክዳኑን ገጥማ አብስላ፣ ነጭ ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጥላ፣ ቃሪያውን ከእሳት ካወረደች በኋላ ነው የምትሰነጥቅበት። እናቴ በበኩሏ የአዴ ዲንቄ ሽሮ ኮረሪማው በዝቶበት መድኃኒት መድኃኒት እንደሚል ትነግራታለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰርቪሳችንን የተከራየችው ታደለች ከቤተ ክርስቲያኗ መልስ ትቀላቀላቸዋለች። ታደለች የወላይታ ልጅ ናት፤ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ከአረንጓዴ ቃሪያ የምታዘጋጀውን ዳጣ በትንሽ ሰሐን ይዛ ትመጣና ሁለቱንም ታስለቅሳቸዋለች። ከዚያ በኋላ ማን ትክክል እንደነበረ ይረሳል።

እናቴ በዚያ ጓሮ ትቀና ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ቀናተኛ ስለሆንኩ የቀናተኛ ዓይን የት የት እንደሚያርፍ አውቃለሁ። አዴ ዲንቄ እንዲያውም ችግኝ ሰጥታት ነበር፣ ሃያ የሚሆን ራፉ። እናቴ ደስ ብሏት ከወጥ ቤታችን ጎን ተከለችው። በሁለት ሳምንት ቢጫ ሆነ፣ በሦስተኛው ተኛ። እናቴ ለታደለች ቀስ ብላ «ደህና ደህናውን ለራሷ አስቀርታ ነው» ስትላት ሰማሁ። ልጇ ነኝና አመንኳት። ነገሩን ያወቀችው ሌንሳ ናት። የአዴ ዲንቄ ልጅ፣ እኩያዬ፣ አንድ ክፍል ነበርን። በክፍተቱ ሾልካ መጥታ አፈሩን በጣቷ ጫር አደረገችና አሸተተችው። እናቴ ለካ ችግኞቹን የምታጠጣቸው በዕቃ ማጠቢያ ውሃ ነበር፤ ውሃ እንዳይባክን ብላ፣ ሳሙናውን ከነአረፋው። ሌንሳ በእናቷ ፊት እየሳቀች ተናገረች። አዴ ዲንቄም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እናቴም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

በምን እንደምትበልጥ ደግሞ እናቴ ታውቃለች። ስልጆ! የእናቴን ስልጆ የቀመሰ ሰው ጾሙ ሲፈታ ቅር ይለዋል። የሱፉ ውሃ ተጨምቆ ይጣራል፣ እሳት ላይ ይጣዳል፣ የባቄላው ዱቄት እየተነሰነሰ እንደ ገንፎ ሲጠነክር ይወርዳል። ከዚያ ይጠበቃል። ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጩና ነጭ ሽንኩርቱ ይገባል፣ ጤና አዳም ጣል ይደረግበታል፣ የማሰሮው አፍ ታስሮ ጥግ ይቀመጥና በራሱ ጊዜ ይኮመጥጣል። እናቴ ይሄን ሁሉ ለጠየቃት ትናገራለች፤ መጨረሻ ላይ ግን «ዋናው ይሄ አይደለም» ትላለች። «ስልጆ እጅ ይመርጣል።» አንዳንድ ሰው ተሰጥቶታል፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ ወርቅ ቢጨምርበት አይሆንለትም።

ለነነዌ ጾም ትንሿን ማሰሮ ለኔ ሰጠችኝ። እጄን ልትሞክረው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንፎውን አማሰልኩ፣ አወረድኩ። መጠበቅ ላይ ስደርስ ግን ያ የተሳሳተው መልአክ ጉድ ሠራኝ። እናቴ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፤ ገንፎው እንፋሎት ያወጣል፤ እኔ ስትመጣ ጨርሼ እንድታገኘኝ ፈለግሁ። ሰናፍጩን በትኩሱ ገለበጥኩበት። በአራተኛው ቀን ማሰሮው ሲከፈት እናቴ በጣቷ ጫፍ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨፈገገችና በአጥሩ ክፍተት በኩል «እጅ የላትም» አለች። ለኔ አይደለም፣ ለአዴ ዲንቄ ነው የተናገረችው። እሬት እሬት ይል ነበር። በትኩሱ መጨመሬን አልነገርኳትም።

በማግስቱ ሁለተኛውን ማሰሮ ለሌንሳ ሰጠቻት። ሌንሳ ስልጆውን አንድ ጎን ላይ አስቀምጣ ጓሮ ሄዳ ውሃ ቀዳች፣ ሽንኩርት ኮተኮተች፣ ዶሮ አባረረች፤ ገንፎው እንዳለ ረስታዋለች ብዬ ደስ አለኝ። ስትመለስ በርዷል። ማሰሮው የተከፈተ ዕለት ታደለች እንጀራ በጇ ይዛ እስከ ማሰሮው ሥር ደረሰች። እናቴ የሌንሳን እጅ ገለበጥ አድርጋ መዳፏን ሳመችው። የኔን እጅ ስማው አታውቅም። ቆሽቴ አረረ።

እጅ የሚሉትን ነገር ቆዳ ላይ ያለ ነገር አድርጌ ነበር የያዝኩት። ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ መዳፏን አጠናሁት፤ አውራ ጣቷ ሥር ከሰል የነካት ጠባሳ ነበር፣ ጥፍሮቿ ውስጥ አፈር። ሌላ ከኔ የሚለይ ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ ቅባት ይሆናል አልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ እጄን አሸሁበት፤ አስተማሪያችን መስኮት አጠገብ ቀየረችኝ። ሌንሳ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ጉንፋን ነው አልኳት። እሷም ከእናቷ ጓሮ ዝንጅብል አመጣችልኝ። ደግነቷ እንኳ ያናድደኝ ነበር፤ የሚጠላ ነገር ፈልጌባት ባጣሁ ቁጥር ይበልጥ ጠላኋት።

አዲስ አበባ እኛ ድረስ ትሰፋለች የተባለበት የማስተር ፕላኑ ረብሻ የጀመረው ያን ዓመት ነው። ማስተር ፕላን ማለት ለኔ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሜትር የያዘ ሰውዬ ነበር፤ አንድ ቀን መጥቶ የአዴ ዲንቄን ጓሮ ይለካል ብዬ እጠብቀው ነበር። ትላልቆቹ ልጆች ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ አጣምረው መንገድ ላይ ሲወጡ ትምህርት ይዘጋል፤ ስለዚህ እጅ ማጣመር ማለት «ዛሬ ትምህርት የለም» ማለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ እኔም አጣመርኩ። እናቴ በጥፊ መታችኝና ወደ ቤት አስገባችኝ። የጎማ ጭስ ከዋናው መንገድ እየተነሳ ልብስ ማስጫው ላይ ያርፋል። ታክሲ ይቆማል፤ አባቴ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ወንድሙ ቤት ያድራል። ከከተማ ቲማቲም አይመጣም፣ ዘይት አይመጣም። ያን ሰሞን ሠፈራችንን ያበላችው አዴ ዲንቄ ናት። በክፍተቱ ጎመን ታቀብላለች፣ ድንች ታቀብላለች፤ እናቴም ያለ ዘይት የሚሠራ ወጥ ሁሉ ፈልስፋ በሰሐን ትመልስላታለች። ጎመን በጤና ማለት ያኔ ተረት አልነበረም።

ግን አዴ ዲንቄም መለወጥ ጀመረች። አዲሱን የድንች መደብ ቆፍራ ተወችው። እናቴ ለምን እንደማትዘራ ስትቆጣት፣ ሲደርስ ማን እንደሚበላው አላውቅም አለቻት። የሌንሳ ወንድም ገመዳ መሰናዶ ነበር የሚማረው፤ ዝምተኛ ልጅ ነው። በክፍተቱ ብቅ ብሎ ዳቦውን በእናቴ ስልጆ አጥቅሶ ይበላና ማመስገኑን ረስቶ ይሄዳል። ያን ሰሞን ዘመዶቻችን እየደወሉ ሰበታን ለቃችሁ ውጡ ይሉን ነበር። እናቴ ቀን ቀን «የምንወጣ አይደለንም» ትላለች፤ ማታ ግን የቤቱን ካርታ ከሻንጣ አውጥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ዐቢይ ጾም ገባ። የእናቴ የማኅበር ተራ በዚያ ጾም ላይ ዋለ። የጉለሌ ሴቶች፣ «ገጠር ገባች» እያሉ የሚያሟት፣ አሥራ ሁለት ሆነው ሊመጡ ነው። እናቴ በእነሱ ፊት ለማፈር ዝግጁ አልነበረችም። ትልቁን ማሰሮ አወጣች፣ አጠበች፣ አጠነች። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ለነነዌ የሆነው ሆኗል፣ አሁን ግን የማኅበር ነው፤ በገዛ ቤታችን፣ በገዛ ማሰሯችን፣ ልጇ እኔ ነኝ። እናቴ ሽርጤን ከሚስማሩ አወረደችው። ያ ሽርጥ አክስቴ ለልደቴ የሰፋችልኝ፣ ኪሱ ላይ ስሜ የተጠለፈበት ነው። አራግፋ በክፍተቱ ለሌንሳ አቀበለቻትና ቅዳሜ በጠዋት እንድትመጣ ነገረቻት።

ሌንሳ ሽርጡን እዚያው ታጠቀችው። ኪሱ ላይ «ትዕግሥት» ይላል።

ዛሬም ልሸፍነው አልፈልግም፤ ያን ሰዓት ብትሞት ግድ አልነበረኝም። ዓርብ ቀን ትምህርት ተዘግቶ ነበር፤ እናቴ ሱፍ ታምሳለች፤ እኔ ገብቼ ከጎኗ ቁጭ አልኩ። የማወራውን አስቀድሜ አላዘጋጀሁም፣ በአፌ መጣ።

«እማ፣ ሌንሳ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹እናንተ ስትባረሩ ቤታችሁ የኛ ይሆናል፤ ድሮም መሬቱ የኛ ነው› አለችኝ።»

እናቴ ማማሰሏን አቆመች። ሱፉ ማረር ጀመረ።

«እውነትሽን ነው?»

«ማርያምን» አልኩ። በጾም፣ በማርያም ማልኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሌንሳ ሳትመጣ በፊት እናቴ ከሰርቪሱ ኋላ የወደቀ ቆርቆሮ ጎትታ አመጣችና ክፍተቱ ላይ መቸንከር ጀመረች። አባቴ ከተማ ነው ያደረው። መዶሻ ይዛ አይቻት አላውቅም፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን መታችው። አዴ ዲንቄ ከዚያ ወገን መጥታ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። እናቴ ዶሮዎች እየገቡ ስላስቸገሩ ነው ብላ መለሰችላት። ቀጥሎ ሽርጤ ተጣጥፎ በአጥሩ ላይ ተወረወረ። እናቴ አንስታ አራገፈችው፤ ወደኔ ዞራ «ነይ፣ ታጠቂ» አለችኝ።

የፈለግሁት ይሄ ነበር። አገኘሁት። ገንፎውን አማስዬ አወረድኩና ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ የመቸኮል ወኔ እንኳ አልነበረኝም። እስኪበርድ ቀኑ ሲያልፍ አየሁት። ከሰዓት በኋላ ሰናፍጩን ጨመርኩ። ማሰሮው በተከፈተ ዕለት እናቴ በጣቷ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች። «ደህና ነው» አለች፤ ማሰሮውን ከድና ወጣች። እጄን አላየችውም።

የማኅበሩ ዕለት መንገድ ተዘጋ። ከጉለሌ አንድም ሰው አልመጣም። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ እስከ ቀትር በሩ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ልብሷን ቀይራ ሰሐኖቹን መልሳ ደረደረች። ትልቁ ማሰሮ እንደሞላ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ግቢያችን ጭር አለ። የቢራ ሳጥኑ በቦታው ነው፣ የሚቀመጥበት የለም። እናቴ ምስሯን ወጥ ቤት ውስጥ ትለቅማለች፤ አንዳንዴ «ይሄን ጎመን እኮ…» ብላ ጀምራ የምትነግረው ሰው እንደሌለ ሲገባት ወደ ምስሯ ትመለሳለች። በሳምንቱ ቅዳሜ አንድ እስር ራፉ በቆርቆሮው ላይ ተወርውሮ ግቢያችን ወደቀ። እናቴ እንዳታነሺ አለችኝ። ታደለች ስትወጣ አገኘችው፤ ጎመን ከማንም ተጣልቶ አያውቅም ብላ አንስታ ቀቀለችው። እናቴ ግን አልቀመሰችም። ትምህርት ሲከፈት ሌንሳ ምን አድርገናችሁ ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እንጃ፣ የትልልቅ ሰው ነገር ነው አልኳት። አሁንም ዝንጅብል ትፈልጊያለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አልፈልግም አልኩ።

አንድ ቀን ታደለች ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ገመዳ ተወስዷል አለች። ከትምህርት ቤት ደጃፍ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር። የት እንደሚገኝ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል፤ አሁን አዴ ዲንቄ በየቀኑ በእግሯ ስንቅ ትወስዳለች፣ የምትወስደውን ይቀበሏት አይቀበሏት አይታወቅም። ታደለች ይሄን ተናግራ እናቴን አየቻት። እናቴ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ከከተማ የመጣውም ተወላጁም፣ እየሄደ አዴ ዲንቄ ቤት ተቀመጠ። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ሦስተኛውም። በኛ አገር ለጎረቤት ደስታ ብትቀር ትታማለህ፤ ለመከራው ከቀረህ ግን ጎረቤትነቱ ራሱ ያልቃል። እናቴ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም አልሄደችም።

በአራተኛው ቀን ማንም ሳያየኝ የቢራ ሳጥኑን ወደ ቆርቆሮው አስጠግቼ ወጣሁና አየሁ። ጓሮው ውስጥ ሰው የለም። ጎመኑን የሚቀጥፈው ስላጣ አብቦ ነበር፣ ቢጫ በቢጫ። ቀይ ሥሩን ዶሮ ጭሮታል። ሌንሳ ብቻዋን ከወንዙ በጀሪካን ውሃ ይዛ ስትወጣ ጀሪካኑ ስለከበዳት በየአምስት እርምጃው ታስቀምጠዋለች። አንድ መደብ አጠጣችና ቁጭ ብላ እጇን ታየው ጀመር። ያን እጅ። ውሃ አቁስሎት ይሁን ወይም እንዲያው ደክሟት አላውቅም። ከሳጥኑ ወርጄ ወጥ ቤት ገባሁ።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። «ሌንሳ እንደዛ አላለችም» አልኳት። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሽርጤን ስለሰጠሻት ነው።»

ዞራ አየችኝ። ለዱላ ተዘጋጅቼ ትከሻዬን ሰብስቤ ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አልመታችኝም፣ አልተቆጣችም፣ ለምን አላለችኝም። እጇን ታጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ከትልቁ ማሰሮ በትንሿ ስልጆ እንድቀዳ፣ እንጀራ በመሶብ ወርቁ ሳይሆን በፌስታል እንድጠቀልል አዘዘችኝ፤ የእስረኛ ስንቅ ነውና።

ክፍተቱ ስለተዘጋ በዋናው መንገድ መዞር ነበረብን። ሁለት ዓመት ሙሉ የአዴ ዲንቄን የፊት በር አይተነው አናውቅም ነበር፤ የቱ እንደሆነ አንዲት ሴትዮ ጠይቀን ነው ያገኘነው። እናቴ በሩ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እኔ ማሰሮዋን በሁለት እጄ ይዤ ከኋላዋ ቆምኩ። አዴ ዲንቄ ወጣች። ፊቷ ከስቷል። እናቴን አየቻት፣ ማሰሮውን አየች፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ይግቡ» አለቻት።

ይግቡ! እናቴ ደፉ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ገባን፣ የተሰጠን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ማሰሮዋን ጭኔ ላይ አድርጌ አጥብቄ ይዣታለሁ። ስለ ገመዳ ጥቂት ተባለ፤ ትናንት ስንቁን ተቀብለዋታል፣ ልብሱ ግን አልተመለሰላትም። አዴ ዲንቄ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ጠየቀች።

«ምን በድዬዎት ነው አጥሩን የዘጉት?»

እናቴ ወደኔ ዞረች። በቃ አለቀልኝ አልኩ። ልክ ያን ጊዜ ሌንሳ የእጅ ውሃ ይዛ ከጓዳ ወጣችና እፊታችን ቆመች።

«ምንም አልበደልሽኝም» አለች እናቴ። «ቀንቼብሽ ነው፣ ዲንቄ።»

«በምኔ? በራፉዬ?»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

«በልጅሽ» አለቻት።

አዴ ዲንቄ ተነስታ ማሰሮዋን ከእጄ ተቀበለችኝና ገመዳ ስልጆ እንደሚወድ ተናገረች። ለእናቴ «እጅሽን ታጠቢ፣ ሳትበዪ አትሄጂም» አለቻት። ሌንሳ ውሃውን አፈሰሰች፤ እናቴ ታጠበች፤ ከዚያ እኔ ታጠብኩ። ሌንሳ ፊቴን ትፈልጋለች፤ እኔ ወደ ሳፋው ነበር የማየው።

ገመዳ ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው ተፈታ። ቆርቆሮውን የነቀለው እሱ ነው።

እናቴ ያን ቀን ውሸቴን በራሷ ላይ ደርባ ከውርደት አዳነችኝ። እንደዚያ ብዬ ነው ለራሴ የምነግረው። ሌላ ቀን ደግሞ እናቴ የዛን ዕለት የገዛ እውነቷን እንደተናገረችና እኔ አጠገቧ መቀመጤን እንደረሳች ይታየኛል። አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ውሸት ነበር እንድትለኝ እፈልጋለሁ፤ ውሸት ነበር ብትለኝ ደግሞ አላምናትም።